አቧራው ከኦዞኑ ጋር ሲቀላቀል፦ ከደሴ የአምስት ወር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተጀመረ። ነገሩ የመጣው ከክፍል ነው። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኦዞን ስናወራ የናሳን መረጃ ከስልኬ አውጥቼ ለአካባቢያችን የተለካውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ 250 ዶብሰን አካባቢ ነው። አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ሲያይ አቧራው አይከልለውም?»

«ይከልለዋል፣ ግን ያርሙታል» ብዬ አለፍኩ። ደወሉም ተደወለ። እንዴት እንደሚያርሙት ግን አላስረዳሁትም። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ በደንብ መመለስ ይገባዋል።

ስለዚህ ሐሳቡ ይኼ ነው። አቧራውን ከታች ወደ ላይ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ እሠራለሁ። ሳተላይቶቹ በዚያው ቀን ከላይ ያዩትን አወርዳለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። የሳይንስ ክበብ ልጆችም ያግዙኛል።

ዶብሰን ምን እንደሆነ ለማያውቅ እዚህ ላስቀምጠው። ከራሳችን በላይ ያለው ኦዞን በሙሉ ተሰብስቦ ባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ቢነጠፍ፣ እያንዳንዱ የሚሊ ሜትር መቶኛ ውፍረት አንድ ዶብሰን ይባላል። 250 ዶብሰን ማለት 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከስስ እንጀራ አይወፍርም። ከፀሐይ አልትራቫዮሌት የሚጠብቀን ይህቺ ንጣፍ ናት። ስያሜው የመጣው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመለኪያውን መሣሪያ ኦክስፎርድ ውስጥ ከሠራው ጎርደን ዶብሰን ነው።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ዕቃ ፍለጋ። ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግኑ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። አረንጓዴ ኤልኢዲ ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራቸው «ለመብራት ነው?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ ብርሃን ለመቀበል ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «እሱስ ይሠራል፤ እኔም አይቼዋለሁ» አሉ። ቴስተሩን ከኤልኢዲው እግሮች ጋር አገናኝተው ወደ ደጅ ፀሐይ አዞሩት። ቁጥሩ ብድግ አለ።

ብልሃቱ ይኸው ነው። ኤልኢዲ ሲያበራ አንድ ቀለም ብቻ ያወጣል። ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ በተራው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የሚቀበለውም ከሚያወጣው ቀለም ትንሽ አጠር ያለውን የሞገድ ርዝመት ነው። ስለዚህ ውድ ማጣሪያ መስታወት አያስፈልግም። ይህን መንገድ ለአየር ብናኝ መለኪያ ያስተዋወቀው ፎረስት ሚምስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስሙን ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አምፕሊፋየር ቺፕ ያስፈልጋል፤ ከእሱ ጋር 10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር። አሥሩ ከተማው ውስጥ አልተገኘም። ጋሼ ከአሮጌ ሬዲዮኖች አሥር ባለ 1 ሜጋ ኦም ነቅለው በተራ በየዷቸው። የበየዱበትን ሊቀበሉኝ አልፈለጉም። «ለልጆቹ ከሆነ ይሁን» አሉ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

መሣሪያው ቆመ። አንድ ክንድ የማይሞላ የፒቪሲ ቱቦ ነው። ከፊቱ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለ፣ ከኋላው ኤልኢዲው ተቀምጧል፣ ከጎኑ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች። ውስጡን በጥቁር ቀለም ቀባነው። ፀሐይን በዓይን ማየት ክልክል ስለሆነ ከቱቦው ጎን ሁለት ቁራጭ ቆርቆሮ ለጥፈናል። የፊተኛው ቀዳዳ አለው፤ በእሱ የገባችው የብርሃን ነጥብ የኋለኛው ላይ ያለው ምልክት ላይ ስታርፍ ቱቦው ልክ ፀሐይን እያየ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳውን በጣት ይዘጋሉ፣ የጨለማውን ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ ይከፍታሉ፣ ከፍተኛውን ይጽፋሉ። ይቀንሳሉ። አለቀ። ልጆቹ በአንድ ከሰዓት ለመዱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤልኢዲ ሲበርደው ቁጥሩን ይለውጣል። የኅዳር ማለዳ በደሴ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ መሣሪያውን እስክንለካ ድረስ ጋቢ ውስጥ ሸጉጠን ነው የምንይዘው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የዛሬው ሥራ ላንግሊ ይባላል። መሣሪያዬ ከአየር በላይ፣ ምንም ሳይከልለው ፀሐይን ቢያይ ስንት ቮልት ይሰጥ ነበር? ይህን ሳላውቅ ምንም ማስላት አልችልም። ወደ ህዋ መውጣት ደግሞ አይቻልም። ነገር ግን ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ አየሩን አግድም ስለሚያቋርጥ መንገዱ ረጅም ነው፤ እየወጣች ስትሄድ ያጥራል። በየአምስት ደቂቃው ለክተህ መሥመሩን ወደ ዜሮ አየር ስትዘረጋው የህዋው ቁጥር ይመጣል።

ከግቢያችን ለካን። 2.05 ቮልት ወጣ። ደስ አለን። ግን መሥመሩ ጎበጥ ያለ ነገር አለው። አላመንኩትም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ገባኝ። ጥፋቱ የጭሱ ነው። ደሴ በተራራ የታቀፈች ከተማ ናት። ማለዳ ከየቤቱ የሚወጣው የማገዶ ጭስ ሌሊት ከቀዘቀዘው አየር ጋር ጎድጓዳው ላይ ተኝቶ ይቆያል። ሦስት ሰዓት አካባቢ መሬቱ ሲሞቅ ይበተናል። እኛ ስንለካ አየሩ እየጠራ ነበር ማለት ነው። ላንግሊ ደግሞ የሚሠራው አየሩ ባለበት ከቆመ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ጦሳ ተራራ ላይ እንወጣለን።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተን ጦሳ ወገብ ላይ ወጣን። አራት ልጆች፣ እኔ፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ። ፀሐይ ከአፋር በኩል ስትወጣ ከተማዋ ከሥራችን እንደ ወተት በሚመስል ጭስ ተሸፍና ነበር። እኛ ከእሱ በላይ ነን። መሥመሩ እንደ ገመድ ቀጥ አለ። 1.80 ቮልት ሆነ።

ልጆቹ ቁልቁል እያዩ ዝም አሉ። አንዷ «ቲቸር፣ እዚያ ውስጥ ነው የምንተነፍሰው?» አለችኝ። አዎ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ በየዓመቱ ዛሬ ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል። የማስታወሻ ደብተራችንን ዛሬ ሳንከፍት መዋል አይቻልም ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከግቢው ፀሐይዋ ቀይ ሳንቲም መስላ ነበር። መሣሪያው በሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ከሚሰጠው ከግማሽ በታች ወረደ። በልጆቹ ደብተር ላይ እስከ ዛሬ ከተጻፈው ሁሉ የከፋው ቁጥር ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ መስኮት ዘግታ ዋለች።

የሳተላይቱ ማለፊያ ከቀኑ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ባለው መሃል ነው። በዚያ ሰዓት ለካን፤ አብዛኛው ተበትኗል፣ ግን ገና አለ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የትናንቱን የሳተላይት መረጃ አወረድኩ። ከኦዞኑ ቁጥር ጎን አብሮ የሚመጣ ሌላ ቁጥር አለ፣ የአልትራቫዮሌት ኤሮሶል ኢንዴክስ ይባላል። ጭስና አቧራ ሲኖር ከዜሮ በላይ ይወጣል። ትናንት ለእኛ ምን እንዳለ ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ምንም። ዜሮ አካባቢ።

ከተማው በሙሉ ሲያስል የዋለበት ቀን ከላይ ሲታይ እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ይህን ልጆቹ ሲሰሙ ተናደዱ። እኔም ምክንያቱን ለማስረዳት ማታውን ተቀመጥኩ። ነገሩ ረጅም ስለሆነ በደንብ ልጻፈው፤ የሥራው እንብርት እዚህ ነው።

ሳተላይቱ ኦዞንን አያይም። ብርሃን ነው የሚያየው። ፀሐይ አልትራቫዮሌት ትልካለች፣ አየሩና መሬቱ መልሰው ወደ ላይ ይበትኑታል፣ ሳተላይቱ የተመለሰውን ይቆጥራል። ኦዞን አጭሩን ሞገድ በጣም ይበላል፣ ረዘም ያለውን ይተዋል። ለምሳሌ 317 ናኖሜትር ላይ ብዙ ይበላል፣ 331 ላይ ትንሽ ነው፣ 360 ላይ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። የአጭሩ ከረጅሙ ምን ያህል እንደጎደለ ታይቶ ኦዞኑ ይሰላል። ከ1978 ጀምሮ ኒምበስ 7 የሚባለው ሳተላይት ላይ የተጫነው ቶምስ የተባለ መለኪያ፣ ከ2004 ጀምሮ አውራ ላይ ያለው ኦኤምአይ፣ ከ2017 ጀምሮ ሴንቲኔል 5ፒ ላይ ያለው ትሮፖሚ፣ ዝርዝሩ ቢለያይም ሥረ ነገራቸው አንድ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

አሁን አቧራው ይግባ። የአፋር አቧራና የእንጨት ጭስ ራሳቸው አልትራቫዮሌት ይበላሉ። ሁለት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛ፣ ከሥራቸው ያለውን ኦዞን ይሸፍኑታል፤ ሳተላይቱ እሱን ሳያይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከሥራቸው ካለው አየር ተበትኖ የሚመጣውን ብርሃን ይቀንሱታል። አየር ደግሞ አጭሩን ሞገድ አብልጦ ስለሚበትን (ሰማዩ ሰማያዊ የሆነውም ለዚሁ ነው) ጉዳቱ በአጭሩ ላይ ይበረታል። አጭሩ ሲጎድል ስሌቱ «ኦዞን በላው» ሊል ይችላል። አንዱ ቁጥሩን ወደ ታች ይስባል፣ ሌላው ወደ ላይ። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው አቧራው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነና ስንት ከፍታ ላይ እንዳለ ነው።

ከፍታ! የኅዳር ሲታጠን ጭስ መሬት ላይ የተኛ ነው። ከሥሩ ብርሃን የሚበትን አየር የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚሰርቀው ብርሃንም የለም። ሳተላይቱ ያጣው ለዚህ ነው። ያው ጭስ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ ኖሮ ኢንዴክሱ ይጮህ ነበር።

የኢንዴክሱ ዜሮ መሆን አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ይህን ትልቅ አድርገን ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፈነዋል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ዛሬ ሌላ ጉድ። አፋር ውስጥ ከኤርታሌ አጠገብ ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከእኛ በቀጥታ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሁሉ በቪዲዮ ተሞላ። ልባችን ከአፍዴራ ሰዎች ጋር ነው፤ አመዱ የወደቀው በእነሱ ግጦሽ ላይ ነው።

ቱቦውን ይዤ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ቁጥሩ እንደ ትናንቱ ነው። ሰማዩ ንጹሕ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ደመናው ወደ እኛ አልመጣም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አድርጎ እስከ ሰሜን ሕንድ ደረሰ። ደልሂ ላይ በረራ እስከ ማስተጓጎል ሄዷል።

ለእኛ ሥራ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነገር ነው። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌትን የሚበላው ልክ ኦዞን በሚበላበት ክልል ነው። አመዱ ደግሞ እንደ አቧራ ነው። ሳተላይት በዚያ ደመና ላይ ሲያልፍ ሦስቱም ተደባልቀው ነው የሚደርሱት። ባለሙያዎቹ በብዙ ሞገድ ርዝመት እያነጻጸሩ ይለዩዋቸዋል፤ የሰልፈሩን ደመና እስከ ሕንድ የተከታተሉትም በዚሁ ነው። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ፒናቱቦ ሲፈነዳ ነገሩ ከዚህ ይከብድ ነበር። ደመናው ኦዞኑ ያለበት ስትራቶስፌር ውስጥ ገብቶ ከዓመት በላይ ቆየ። መለኪያዎቹን አወካቸው፤ በእርግጥም ኦዞኑን ቀነሰው። የትኛው የመለኪያ ስሕተት፣ የትኛው እውነተኛ ጉዳት እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ነበር።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ዛሬ ቤት ውስጥ ያገኘነው ማሳያ ከሁሉ ይበልጥብኛል።

ለልጆቹ «ብናኝ አንዳንዴ ያበራል፣ አንዳንዴ ያጨልማል» ስላቸው አልዋጥ ብሏቸው ነበር። እናቴ ጠርታን ቡና እያፈላች ነው። ከምድጃው አንድ ጭብጥ አመድ ወሰድኩ። ጥቁሩን ምጣድ ገልብጬ ላዩ ላይ ነሰነስኩት። ነጣ። ያንኑ አመድ ነጭ ትሪ ላይ ነሰነስኩት። ጠቆረ። አመዱ አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው። የተለወጠው ከሥሩ ያለው ብቻ ነው።

እናቴ «ምጣዴን ምን አደረግኸው?» አለች። ከዚያ ዕጣኑን ጨመረች። ጭሱ በመስኮቱ በገባው የፀሐይ ዘንግ ላይ ሲያልፍ፣ ከጨለማው ግድግዳ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ዞረን ወደ መስኮቱ ስናይበት ቡናማ ነው። አንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ ቦታ እየቀያየረ አየው።

ሳተላይቱ ያለበት ችግር ይህ ነው። በሚታየው ብርሃን አቧራው ነጭ አሸዋ ላይ ሲሆን ይጠፋዋል። በአልትራቫዮሌት ግን መሬቱ፣ በረዶ ካልሆነ በቀር፣ ሁሉም ቦታ ጥቁር ነው፤ የሚያበራው አየሩ ራሱ ነው። ስለዚህ አቧራው የሚታየው ከሚያበራው አየር ፊት እንደ ጥላ ሆኖ ነው። ከበረሃ በላይም ሆነ ከጫካ በላይ ያው ነው።

ደግሞ ይህ ኢንዴክስ ታስቦበት የመጣ አልነበረም። የኦዞን ስሌቱ ከተጠናቀቀ በኋላ የማይገጥም ትርፍ ይቀር ነበር፣ ስሕተት ተብሎ የተያዘ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ያን ትርፍ ካርታ ላይ ሲያስቀምጡት የሰሃራ አቧራና የደን ቃጠሎ ጭስ ሆኖ ተገኘ። በዚያው የቆየው የቶምስ መረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ እስከ 1978 ድረስ የዓለም አቧራ መዝገብ ሆነ። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ችግር አለ። ከታኅሣሥ 8 ወዲህ አየሩ በየቀኑ እየጠራ ነው ይላል ደብተሩ። የዛሬው ስሌት ብናኙን ከዜሮ በታች አወጣው። ከዜሮ በታች ብናኝ የለም።

የፀሐይን ርቀት ረስተን ይሆን ብዬ አየሁ። መሬት በታኅሣሥ መጨረሻ ለፀሐይ በጣም ትቀርባለችና ብርሃኑ ከዓመቱ አማካይ በ3 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አስገብተነዋል። ቀዳዳውን አየሁ፣ ደህና ነው።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

የቴስተሩ ባትሪ ነው። ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጋሼ ገና ስነግራቸው «ባትሪውን ቀይረኸዋል?» አሉኝ። ቀየርኩት፣ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሥራ አንድ ቀን መረጃ ተሰረዘ። በቀይ እስክሪብቶ በላዩ ላይ መሥመር አሰመርኩ፣ ግን አልቀደድነውም። ልጆቹ ያዘኑት በጣም ነው፤ ጠዋት ጠዋት በብርድ የወጡት እነሱ ናቸው።

ስለ ፎረስት ሚምስ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሳይንቲስት ተብሎ አልተመረቀም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ውስጥ በቤቱ አጠገብ በእጅ የሚያዝ የኦዞን መለኪያ ሠርቶ በየቀኑ ይለካ ነበር። የእሱ ቁጥርና የኒምበስ 7 ቁጥር ቀስ በቀስ እየተራራቁ ሄዱ። መጀመሪያ መሣሪያውን ጠረጠረ። ሁለተኛ ሠራ። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ጋር ተስማማ። ተንሸራትቶ የተገኘው ሳተላይቱ ነበር። በ1993 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣው።

ልጆቹ ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታዲያ እኛስ ሁለተኛ አንሠራም?»

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ተሠራ። ጋሼ አሥሩን ሬዚስተር አስቀድመው አዘጋጅተው ጠበቁን። ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን እያደረግን እንለካለን፣ ልዩነታቸውን እናውቃለን።

በዚህ መሃል አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነበርና ልጻፈው። ብናኙን ለማስላት ከጠቅላላው ላይ አየሩ ራሱ የሚበትነውን እቀንሳለሁ። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ያን አስገባሁ። ከዚያ ኦዞን የሚበላውንም መቀነስ አለብኝ። በአረንጓዴ ብርሃን ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ያን ቁጥር ከየት አመጣዋለሁ? ከሳተላይቱ!

እኔ ብናኙን ለማወቅ የእሱን ኦዞን እፈልጋለሁ። እሱ ኦዞኑን ለማወቅ ብናኙን ይፈልጋል። ለእኔ የኦዞኑ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ስሕተቱ አይጎዳኝም። ለእሱ ግን እንደዚያ አይደለም። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ቶረስና ባርቲያ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ስሌት፣ ካልታረመ የበረሃ አቧራ የኦዞኑን ቁጥር እስከ 10 በመቶ ሊያዛባ ይችላል። በእርማቱ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። እርማቱ የሚመጣውም ከዚያው ከትርፉ፣ ከኢንዴክሱ ነው።

10 በመቶ ምን ማለት ነው? ከ250 ላይ 25 ዶብሰን ነው። በእኛ የምድር ወገብ አካባቢ ከመሬት እስከ ስትራቶስፌር ወለል ድረስ ያለው፣ ማለትም እኛ የምንኖርበት አየር ውስጥ ያለው ኦዞን በሙሉ ተደምሮ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከላይ ያለው ኦዞን ይጠብቀናል፤ ከታች ያለው ግን ሳንባ ይጎዳል፣ ሰብልም ያቃጥላል። የታችኛውን ለማወቅ ከጠቅላላው ላይ የላይኛውን ይቀንሳሉ። በዚያ ላይ አቧራው 25 ዶብሰን ካዛባ የታችኛው ቁጥር ትርጉሙን ያጣል። ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጥያቄ ደግሞ የታችኛው ነው።

ጥር 24፣ እሑድ

የሳተላይቱን ቁጥር ለማውረድ ካርታው ላይ የምንወስደው ሣጥን በእያንዳንዱ ጎኑ አንድ ዲግሪ ነው፤ ከ110 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያንሳል ወይም ይተካከላል። በእሱ ውስጥ ደሴ አለች፣ ኮምቦልቻ አለች፣ ሐይቅ አለ፣ ወልድያ አለች። ከገደል አፋፍ እስከ ቆላ ድረስ አንድ ቁጥር። የትሮፖሚ ነጥብ ግን ትንሽ ናት፣ 5.5 በ3.5 ኪሎ ሜትር። ከዚህ በኋላ እሷን እንጠቀማለን። ፋይሉ ስለሚከብድ ሌሊት ነው የማወርደው።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

አቧራ መጣ። ትናንት ማታ ከምሥራቅ በኩል ነፋስ ነበር። ጠዋት ጦሳ አይታይም። በረንዳው ላይ፣ በተሰጣው ልብስ ላይ፣ በቅጠሉ ላይ ስስ ቡናማ ዱቄት። በጣት ሲነካ እንደ ፉርኖ ዱቄት ልስልስ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ኮምቦልቻ ነው። እዚያ የሚያስተምር ወዳጄ ይዞታል። ረመዳን ነውና ጾም ላይ ነው። «ወንድሜ፣ በዚህ ፀሐይ ተጹሞ አይወጣም፣ ይቅርብህ» ብለው «ይኼን ቀንማ አላልፈውም» አለኝ። በስልክ እየተነጋገርን ከቀኑ 7፡50 ላይ እኩል ለካን።

የደሴው 0.82 ቮልት። ስሌቱን እንዳለ ልጻፈው፣ ልጆቹ ሰሌዳ ላይ የሠሩት ነው። የህዋው 1.80 ነው፤ በየካቲት የፀሐይ ርቀት ሲታረም 1.84 ይሆናል። 1.84ን ለ0.82 አካፍለን ሎጋሪዝሙን ስንወስድ 0.81። ለአየር መንገዱ ርዝመት፣ ለ1.14፣ ስናካፍል 0.71። አየሩ የሚበትነው 0.09 ይቀነሳል፣ ኦዞኑ 0.015 ይቀነሳል። የቀረው ብናኝ 0.60 ነው። በንጹሕ የታኅሣሥ ቀን 0.10 ነበር።

የኮምቦልቻው ብናኝ 0.71 ወጣ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ቆሜ ቀረሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። የሁለቱ ልዩነት፣ 0.11፣ በእነዚያ 600 ሜትሮች ውስጥ ያለው ብናኝ ነው። የቀረው 0.60 ከደሴ በላይ ነው። አቧራው ከላይ ነው ያለው!

ሳተላይቱ ብቻውን ለማወቅ የሚቸገረው ይህንኑ ነው፤ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለ። የእኛ መልክዓ ምድር፣ ያ ደጋው ከቆላው በአንድ ሰዓት መንገድ የሚገናኝበት አገር፣ ራሱ መለኪያ ሆነ።

የካቲት 16፣ ሰኞ

የቅዳሜውን አወረድኩ። ኢንዴክሱ ከዜሮ በላይ በግልጽ ወጥቷል፤ ከምሥራቁ ቆላ እስከ አፋፉ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ። ኅዳር 12 ላይ ዜሮ ያለው ያው ሳተላይት ነው። ያን ቀን ጭሱ ከሥር ነበር፤ ቅዳሜ አቧራው ከላይ ነበር።

የኦዞኑስ? ከሐሙሱና ከእሑዱ ብዙም አይለይም። እርማቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ያን መጀመሪያ ክፍል ውስጥ የጠየቀኝን ልጅ ጠራሁት። ሁለቱን ካርታና ሁለቱን ደብተር አንድ ላይ አስቀመጥኩለት። ረጅም ጊዜ አየው። «ታዲያ ኅዳር ላይ ማንም አላረመው፣ ምክንያቱም ማንም አላየውም» አለ። ልክ ነው። ለኦዞኑ ቁጥር ያ ጭስ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው የሚተነፍሰውን ነው።

የካቲት 22፣ እሑድ

ሦስተኛው ቱቦ እየደረቀ ነው። ለባቲ ነው። ከኮምቦልቻም ዝቅ ብላ ወደ አፋር ትቀርባለች፤ አቧራው የሚገባባት በር ናት። ከሦስት ከፍታ እኩል ብንለካ ንብርብሩን በደንብ እናየዋለን።

ጋሼ ዛሬ የቀሩትን አምስት ሬዚስተሮች ሰጡኝ። አምስቱ ይጎድላሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ ስለሚወጣ ወዳጄ አሮጌ ሬዲዮ ካገኘ ይዞልኝ ይመጣል።